ጎትቶ መጣል ወይስ ይዞ ማድረስ?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ውሃ ቀድታ የምትመለስን እናት ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳይማር አይቀርም። እንስራውን ከምንጩ ዳር ካዘለች በኋላ እስከ ደጇ ድረስ እጇን ከገመዱ አታላቅቅም። ደጇ ከደረሰችም በኋላ የምታስቀምጥበትን ቦታ በዓይኗ ሳታይ፣ ከሥሩ ድንጋይ አለመኖሩን ሳታረጋግጥ አታወርደውም። ሸክምን ሸክም የሚያሰኘው መያዙ ብቻ ሳይሆን አወራረዱም ነው። ዛሬ ለአንባብያን ላቀርበው ያሰብሁት ጉዳይ የኮምፒዩተር ጉዳይ ስለ ሆነ ከዚህ እንስራ ጋራ የሚገናኝ አይመስልም። ዳሩ ግን ወጣቱ ተማሪና ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ መጨረሻው ቢከታተለኝ ግንኙነቱን ራሱ እንደሚያገኘው ተስፋ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ሥራችንን የምንሠራባቸው አራት ማዕዘን ክፍሎች «መስኮት» ይባላሉ። በአንዱ መስኮት አዲስ የገቡ ፋይሎች፣ በሁለተኛው የማኅደሮች ዝርዝር፣ በሦስተኛው የሚጻፈው ደብዳቤ ይከፈታል። አንድን ፋይል በማውስ ይዞ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ማሻገርን ባለሙያዎቹ «ድራግ ኤንድ ድሮፕ» ይሉታል፤ በአማርኛም «ጎትቶ መጣል» እየተባለ ሲነገር እንሰማለን። የተከፈቱት መስኮቶች ተደርድረው የሚታዩበት ከገጹ ግርጌ ያለው ሰቅ ደግሞ «ታስክባር» ይባላል። አንዱ መስኮት በሌላው ተሸፍኖ ሲጠፋ ሠራተኛው ወደዚህ ሰቅ ወርዶ ይጠራዋል፤ መስኮቱም ወደ ፊት ይወጣል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ይህ ሰቅ የሌለ እንደ ሆነ፣ ወይም ኖሮም አልታዘዝ ያለ እንደ ሆነ፣ በእጃችን የያዝነውን የሰው ጉዳይ ወዴት እናደርሰዋለን? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጉዳይ ወደ ምዕራብ ጎጃም ሄጄ በዓይኔ እስካይ ድረስ ትንሽ ይመስለኝ ነበር።

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ስሟ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከእርሷ አልፎ ቡሬ አለ፤ ከቡሬም አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር ሲቀጥል ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይዘልቃል። አገሩ ጤፍና በቆሎ በርበሬም የሚበቅልበት፣ ለገበሬው ከመሬት የሚበልጥ ሀብት የሌለበት አገር ነው። ስለዚህም የመሬት ባለጉዳይ ከጽሕፈት ቤት ደጅ አይታጣም።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ጽሕፈት ቤት ተራዬን ስጠብቅ ከቆላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ቆመው ነበር። ከአባታቸው በወረሱት ማሳ ላይ የወሰን ክርክር ተነሥቶባቸው፣ አቤቱታቸውና የሽማግሌዎች ውል ቀደም ብሎ በስካነር ተነሥቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶላቸዋል። ወጣቱ ሠራተኛ ትሑትና ትጉህ ልጅ ነበር፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባኛል። ገጹን ደጋግሞ ከተመለከተ በኋላ፣

«አባባ፣ ፋይልዎ አልተገኘም። ሳይጠፋ አልቀረም፤ እስቲ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ» አላቸው።

«ልጄ፣ ባለፈው ሳምንትም፣ ከዚያ በፊት በነበረውም እንዲሁ ነው ያልኸኝ» አሉት ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ወረቀቴን ከእጄ ስትቀበለኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ ቤትም አልወጣም። ታዲያ ከቤት ያልወጣ ነገር እንዴት ሆኖ ይጠፋል?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። እኛም ወንበር ላይ የተቀመጥነው ባለጉዳዮች አንገታችንን ደፋን።

በኋላ ሲጣራ የሆነው ይህ ነበር። የኮምፒዩተሩ ገጽ አሮጌ ሆኖ ከግርጌው አንድ ጣት ያህል ጠቁሯል። ታስክባሩ የሚታየው በዚያው በጠቆረው ክፍል ስለ ነበር እንደሌለ የሚቆጠር ነው። ሠራተኛው የሽማግሌውን ፋይል ከአዲስ ገቢዎች መስኮት አንሥቶ ወደ ወሰን ክርክር ማኅደር ሊያሻግር ሲነሣ፣ የሚደርስበት መስኮት በሌላ መስኮት ተሸፍኖ ነበር። እንደ ልማዱ ወደ ግርጌ ወርዶ ሊጠራው ቢፈልግ ሁሉም ጨለማ ነው። ወዲያና ወዲህ ሲል ጣቱ ደከመና ለቀቀው። የተለቀቀውም ፋይል በመንገድ ላይ ከነበረ ሌላ ማኅደር ውስጥ ገባ። በዚያ ማኅደር የሽማግሌውን ጉዳይ የሚፈልግ ሰው ስለሌለ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። በመጨረሻ ከሌላ ክፍል የተጠራች አንዲት ሠራተኛ የሽማግሌውን ስም በመፈለጊያው ላይ ጽፋ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አገኘችው። ሽማግሌው ልክ ነበሩ፤ ነገሩ ከቤት አልወጣም ነበር።

አምስት ደቂቃ ለሚፈጅ ሥራ ሦስት ሳምንት! ከቆላ ወጥቶ ከዘመድ ቤት አድሮ ለሚመለስ አረጋዊ ሦስት ሳምንት ምን ማለት እንደ ሆነ፣ የእርሻ ወቅትም ጽሕፈት ቤት እስኪከፈት እንደማይጠብቅ የገበሬ ልጅ ለሆነ አንባቢ ማስረዳት አያሻኝም።

ጥፋቱ የማን ነው? ብዙዎች «የአሮጌው ዕቃ ነው፤ አዲስ ቢገዛ ይህ ሁሉ አይመጣም» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልጁን ይወቅሳሉ። በእኔ አስተያየት ግን ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ባለው ልማድ ላይ ነው። ለልጁ ያስተማሩት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ያ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ የነገረው የለም። ስሙም ራሱ አሳስቶታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በቋንቋችን የሚጎተት ግንድ ነው፤ የሚጣል ደግሞ ቆሻሻ ነው። የሰው አቤቱታ ግን አደራ ነው፤ አደራ ይዘው ያደርሱታል እንጂ ጎትተው አይጥሉትም። ስለዚህ ይህን ሥራ ከእንግዲህ «ይዞ ማድረስ» ብንለው ስሙ ብቻውን ግማሹን ትምህርት ያስተምራል እላለሁ።

እስቲ የነገሩን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት። የውጭውን ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ማውስን በሕዝብ ፊት አሳይቶ ያስደነቀው አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳግላስ ኤንግልባርት ሲሆን፣ ይህንም ያደረገው በታኅሣሥ ወር 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ነው። ከዚያ በ1973 የዜሮክስ ኩባንያ በፓሎ አልቶ ባለው የምርምር ማዕከሉ «አልቶ» የተባለውን ኮምፒዩተር ሠራ፤ መስኮቶች እርስ በርሳቸው ተደራርበው የታዩትም በእርሱ ላይ ነው። በዚያው ማዕከል ላሪ ቴስለር የተባለው ባለሙያ ከባልደረባው ጋራ ሆኖ ዛሬ «ኮፒ ፔስት» የምንለውን አሠራር አሰናዳ። በጥር ወር 1984 የአፕል ኩባንያ ማኪንቶሽን ሲያወጣ ፋይልን በማውስ ይዞ ወደ ማኅደር ማስገባት በሰፊው ሕዝብ እጅ ገባ። የማይክሮሶፍት ታስክባር ግን የመጣው «ዊንዶውስ 95» በተባለው ሥራ በነሐሴ ወር 1995 ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? በ1984 እና በ1995 መካከል 11 ዓመት አለ። በእነዚያ 11 ዓመታት የማኪንቶሽ ሠራተኛ ከግርጌ የሚጠራበት ሰቅ ሳይኖረው ፋይሉን በእጁ እያሻገረ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ታስክባር ለሥራው ምርኩዝ ነው እንጂ እግር አይደለም። ምርኩዝ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ምርኩዙ ሲሰበር መራመድ የሚያቆም ጤነኛ ሰው ይታዘንለታል።

ምርኩዙ የሚሰበረውም በአሮጌ ዕቃ ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት በጥቅምት ወር 2021 «ዊንዶውስ 11»ን ሲያወጣ ታስክባሩን እንደ አዲስ ሠራው። በዚህ ምክንያት ፋይል ይዞ ሰቁ ላይ ጥቂት በመቆየት የተሸፈነውን መስኮት መጥራት ቀረ። ይህን የለመዱ ሰዎች በየአገሩ ቅሬታቸውን አሰሙ፤ ኩባንያውም በ2022 ባወጣው ማሻሻያ መለሰው። «ግኖም» የሚባለው በነፃ የሚታደለው የሊኑክስ ገጽታ ደግሞ በ2011 ሦስተኛውን እትሙን ሲያወጣ ከግርጌ ያለውን የመስኮቶች ሰቅ ጨርሶ አስቀረው። አስቡት፤ ውሳኔው ከባሕር ማዶ በአንድ ክፍል ውስጥ ይወሰናል፤ ሥራው ግን በቡሬም በፍኖተ ሰላምም ይስተጓጎላል። አንድ መንገድ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሌላ ሰው ውሳኔ እስረኛ ነው። ሁለትና ሦስት መንገድ የሚያውቅ ግን አንዱ ሲዘጋበት በሌላው ይወጣል።

እንግዲያውስ መንገዶቹ የትኞቹ ናቸው? ብርን ወይም ፈጣምን በክረምት የሚሻገር የአገራችን ሰው በመጀመሪያ ሁለቱን ዳር ያያል፤ የሚወጣበትን ሳያይ ውሃ አይገባም። በኮምፒዩተርም የመጀመሪያው ዘዴ ይኸው ነው። ፋይሉን ከመያዝ በፊት የሚነሣበትንና የሚደርስበትን መስኮቶች ጎን ለጎን ማቆም ነው። ከ2009 ጀምሮ በወጡት ዊንዶውሶች የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ የግራ ቀስትን ቢጫኑ መስኮቱ የገጹን ግራ እኩሌታ፣ የቀኝ ቀስትን ቢጫኑ ቀኙን እኩሌታ ይይዛል። ሁለቱም ዳር ከታየ በኋላ ታስክባር ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው ዘዴ ፋይሉን አስቀድሞ ለያዘ ሰው የሚሆን ነው። በቀኝ እጅ የማውሱን ቁልፍ እንደ ተጫኑ ሳይለቁ፣ በግራ እጅ «አልት» የሚለውን ቁልፍ ይዞ «ታብ»ን መምታት ነው። የተከፈቱት መስኮቶች ይደረደራሉ፤ የሚፈልጉት ሲደርስ አልትን ሲለቁ መስኮቱ ወደ ፊት ይወጣል፤ ከዚያ ፋይሉን አስገብቶ ማውሱን መልቀቅ ነው። በግኖም ደግሞ ፋይሉን እንደ ያዙ ወደ ገጹ የላይኛው ግራ ማዕዘን ቢወስዱት የተከፈቱት መስኮቶች ሁሉ አንሰው ይታያሉ፤ ከሚፈለገው መስኮት ላይ ጥቂት ቢቆዩ ይከፈታል።

ሦስተኛው ዘዴ መያዝንም የማይጠይቅ ነው። «ኮንትሮል»ን ይዞ «ኤክስ»ን በመጫን ፋይሉን መቁረጥ፣ ረጋ ብሎ የሚደርስበትን መስኮት ማግኘት፣ ከዚያም «ኮንትሮል»ን ይዞ «ቪ»ን በመጫን ማሳረፍ ነው። የዚህ ዘዴ በጎነቱ ፋይሉ መድረሻው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ከመነሻው አለመነሣቱ ነው። በመካከል ስልክ ቢጠራ፣ አለቃ ቢገባ፣ ባለጉዳይ ቢጠይቅ የሚወድቅ ነገር የለም። ለጀማሪ ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው።

አሁን ደግሞ ከዘዴው ይልቅ ወደሚያስፈራው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም በማዛወርና በመገልበጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በገጠራችን ጎረቤት ለጎረቤት እሳት ይጫጫራል። እሳት ልጫር ብላ የመጣች ጎረቤት ፍም ይዛ ብትሄድ የእኛ ምድጃ አይጠፋም፤ እሳቱ ከሁለት ቤት ይነዳል። እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ ሲገባ ግን አውድማው ባዶ ይቀራል። መገልበጥ እንደ እሳት፣ ማዛወር እንደ እህል ነው። ብዙ ወጣቶች የማያውቁት ነገር ቢኖር በዊንዶውስ አንዱ የእጅ እንቅስቃሴ አንዳንዴ እሳት፣ አንዳንዴ እህል መሆኑን ነው። ፋይሉን ከኮምፒዩተሩ ወደ ፍላሽ ይዘው ቢያሻግሩት ይገለበጣል፤ ዋናው በቦታው ይቀራል። በአንዱ ዲስክ ውስጥ ከማኅደር ወደ ማኅደር ቢያሻግሩት ግን ይዛወራል፤ ከመነሻው ይጠፋል። በፍላሽ የለመደ ልጅ «ዋናው በቦታው አለ» ብሎ ተማምኖ ይለቀዋል፤ ዋናው ግን አብሮት ሄዷል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ» ማለት ይህ አይደለምን?

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ሲለቁ «ኮንትሮል»ን የያዙ እንደ ሆነ ሁልጊዜ ይገለበጣል፤ «ሺፍት»ን የያዙ እንደ ሆነ ሁልጊዜ ይዛወራል። ከመልቀቅ በፊት ጠቋሚውን ማየት ነው፤ የመደመር ምልክት ካለበት መገልበጡ ነው። ያልተረጋጋ ሰው ደግሞ ፋይሉን በማውሱ ግራ ቁልፍ ሳይሆን በቀኙ ይዞ ቢያሻግረው፣ ሲለቀው መሣሪያው ራሱ ልገልብጠው ወይስ ላዛውረው ወይስ ልተወው ብሎ ይጠይቀዋል። በመንገድ ላይ ሐሳቡን የለወጠም «ኢስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ ቢጫን ፋይሉ ከነበረበት ይቀራል። አፍስሶም ቢሆን ወዲያው «ኮንትሮል»ን ይዞ «ዜድ»ን ቢጫን ይመለስለታል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ለቃሚዋ ግን ማፍሰሷን ማወቅ አለባት። የሽማግሌው ፋይል ሦስት ሳምንት የተቀመጠው ስለ ፈሰሰ ሳይሆን መፍሰሱን ያወቀ ሰው ስለሌለ ነበር።

በመስኮቶች መካከል የሚሻገረው ፋይል ብቻም አይደለም፤ ጽሑፍም ይሻገራል። በዚህ በኩል የእኛ ፊደል የራሱ መከራ ነበረበት። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች የእኛን ፊደላት መልክ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ስለ ነበር፣ በእነርሱ የተጻፈ ስም ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲሻገር ማንም የማያነበው የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይገኝ ነበር። በአሮጌው መንገድ የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየቦታው አሉ። ስለዚህ የገበሬውን ስም አሻግሮ የለቀቀ ሠራተኛ ስሙ ስም ሆኖ መድረሱን ማንበብ አለበት። አለዚያ ቦታው ደርሶም ያልደረሰ ይሆናል፤ ነገ በመፈለጊያ ቢፈለግም አይገኝም።

አንዳንድ አንባቢ በዚህ ጊዜ ፈገግ ብሎ «ጸሐፊው በአሮጌ ነገር ይደክማሉ፤ ዘመኑ የእጅ ስልክ ነው፤ ሁሉም ነገር በኔትወርክ ይሆናል፤ ማውስ ይዞ መሄድ ይቀራል» ሊል ይችላል። ይህ ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ቢመጣም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ኔትወርክ በሌለበት ቀን፣ መብራት መጥቶ በሚሄድበት ሰዓት፣ ፋይል በፍላሽ ከክፍል ወደ ክፍል በሚዞርበት ቤት ባለጉዳዩ የሚስተናገደው በዛሬው መሣሪያ ነው። ደግሞስ በስልክስ ቢሆን አንዱን ነገር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማድረስ መቼ ይቀራል? መሣሪያው ይለወጣል፤ አደራው ግን ያው አደራ ነው።

ሌላው ደግሞ «ለዚህ ባለሙያ አለ፤ ቴክኒሺያን ይጠራ» ይላል። ሽቦ ለተቃጠለበት ኮምፒዩተር ቴክኒሺያን መጥራት ተገቢ ነው። ለአልትና ለታብ ግን ከዞን ከተማ ሰው መጥራት እንጀራ ለመቁረስ ጎረቤት እንደ መጥራት ያለ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንድ ወገን ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ጣቱ የተጎዳ ወይም ዓይኑ የደከመ ሠራተኛ ማውስን ተጭኖ ረጅም መንገድ መሄድ አይሆንለትም። የድረ ገጽን ደረጃ የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም በጥቅምት ወር 2023 ባወጣው 2.2 በተባለው የተደራሽነት መመሪያው፣ መጎተቱ የግድ ካልሆነ በቀር ይዞ በመጎተት የሚሠራ ነገር ሳይጎተትም የሚሠራበት ሌላ መንገድ እንዲኖረው ደንግጓል። መመሪያው የተጻፈው ለድረ ገጽ ሠሪዎች ቢሆንም መንፈሱ ለመሥሪያ ቤቶቻችንም ይበጃል። አንድን ሥራ በአንድ መንገድ ብቻ ማስተማር በአንድ እግር የሚቆም ወንበር መሥራት ነው።

ከዚህ የተነሣ ሐሳቤን በግልጽ ላቅርብ። በመጀመሪያ በየወረዳውና በየዞኑ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች አዲስ ሠራተኛ ሲቀበሉ የምስክር ወረቀቱን ብቻ አይተው አይለፉ። አንድ ጧት አስቀምጠው የሚታየውን ሰቅ ሰውረውበት፣ አንድ ፋይል ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው አድርሶ፣ መድረሱንም አረጋግጦ እንዲያሳያቸው ያድርጉ። ሁለተኛ፣ የባለጉዳይ ዋና ፋይል በማንኛውም ጊዜ ሲሻገር በመጀመሪያ ይገልበጥ፤ ቅጂው መድረሻው ላይ ተከፍቶ ከተነበበ በኋላ ብቻ መነሻው ይነሣ። እህሉን እንደ እሳት እንያዘው ማለቴ ነው። ሦስተኛ፣ ማንም ሠራተኛ በመፈለጊያው ስሙን ጽፎ ሳይፈልግ ለባለጉዳይ «ጠፍቷል» እንዳይል ይከልከል። «ጠፍቷል» ማለት የፍለጋ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም።

ለተማሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። በየኮሌጁ በየትምህርት ቤቱም የኮምፒዩተር ትምህርት ስትማሩ ትልልቁን ነገር ለማወቅ መጓጓታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ነገ በወንበር ላይ ስትቀመጡ ሕዝቡ የሚመዝናችሁ በትልቁ ነገር አይደለም። ከሩቅ መጥቶ ከፊታችሁ የቆመውን ሰው ጉዳይ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ሳታፈስሱ በማድረሳችሁ ነው። ይህንንም ከጓደኞቻችሁ ጋራ ሆናችሁ ታስክባሩን ሰውራችሁ ተለማመዱት። የመጀመሪያው ቀን ያስቃችኋል፤ በሁለተኛው ቀን ይቀላችኋል፤ በሦስተኛው ቀን ሰቁ መኖሩንም ትረሱታላችሁ።

ያን ቀን የሽማግሌው ፋይል ሲገኝ ወጣቱ ሠራተኛ ከወንበሩ ተነሥቶ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ያስቀመጥሁበትን ሳላይ ለቅቄው ነው» አላቸው። ሽማግሌውም በትራቸውን እያነሡ «አይዞህ ልጄ፤ መልቀቁ አይደለም የከፋው፤ ሳያዩ መልቀቁ ነው» ብለውት ወጡ። የኮምፒዩተርን ነገር የነገራቸው ሰው አልነበረም። ዳሩ ግን ዕድሜአቸውን ሙሉ ሸክም ሲያነሡና ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ እኔ በዚህ ሁሉ ገጽ የደከምሁበትን ነገር እሳቸው በአንድ ቃል ጨርሰውታል።